መነጽሩን የማያወልቀው ደላላ

አንዲት ባልቴት ቤቷን ሸጣ ልጇ ሰፈር ሌላ ልትገዛ አሰበች። ወሬው የደረሰው ደላላ ድንበሩ ሳይጠራ መጣ። ድንበሩ ማለት እሱ ያልገባበት ቤት በሰፈሩ አይሸጥም እየተባለ የሚፈራ፣ ጥቁር መነጽሩን ቤት ውስጥ እንኳ የማያወልቅ ሰው ነው።

"ተቀመጥ" ብትለው ወንበሩን በመሃረብ ጠረገና ሳይቀመጥ ቀረ። ግድግዳውን በመኪናው ቁልፍ አንኳኩቶ "ይሄ ጭቃ ነው" አለ። ጣሪያውን "ወንፊት ነው"፣ ግቢውን ደግሞ "መኪና ቀርቶ አህያ አይዞርበትም" አለው።

በመጨረሻ "እማማ፣ ይሄን ጎጆ ከእኔ በቀር የሚነካልሽ የለም። የምቆርጥልሽን ዋጋ ተቀበይና ቁልፉን አምጪ። እምቢ ካልሽ ግን አንድም ገዢ በዚህ በር አያልፍም!" አላት።

ባልቴቷ በአድናቆት ራሷን ነቀነቀች። "እውነትም እንደ አንተ ያለ ደላላ አላየሁም፤ አንተኑ መርጫለሁ" አለችው።

ድንበሩ ፈገግ ብሎ ለቁልፉ እጁን ዘረጋ።

"ቁልፉን እንኳ ተወው፣ ልጄ። ይሄንን ቤትስ መነጽሩን አውልቆ የሚያይ ደላላ ይሸጥልኛል። አንተን የምፈልግህ ለነገ ነው፤ የምገዛው ቤት ባለቤት ከዋጋው ንቅንቅ አልል ብሎኛልና ሄደህ ቤቱን ልክ እንደዚህ አድርገህ ስደብልኝ።"