እንግዳው ቅጠልና እሜቴ ሻጋታ

ተረት ተረት! «የአፈር በረት» በሉኝና ልጀምር።

አንድ ትዕቢተኛ የባሕር ዛፍ ቅጠል ነበር። ነፋስ ገንጥሎ ጫካ ውስጥ መሬት ላይ ሲጥለው ዙሪያውን ቃኘ። ቀድሞት የወደቀው የዋንዛ ቅጠል ለስላሳ ስለነበር፣ አፈር ውስጥ የሚኖሩት በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ጅማቱ እስኪቀር ግጠውታል።

«እስቲ እኔን የሚደፍር ይምጣ!» አለ ቅጠሉ።

አንዱ ደፋር መጥቶ ጫፉን ቀመሰና ምሬቱን እየተፋ ሸሸ። ቅጠሉም ደረቱን ነፋ።

ይህን ጊዜ የሰፈሩ ትልቅ ሰው፣ እሜቴ ሻጋታ ብቅ አሉ። «ውይ የኔ ጌታ፣ ልጆቹ ስድ ሆኑብኝ! ያን ያህል መንገድ መጥተው መታጠቢያ ውሃ እንኳ ሳናቀርብልዎ! በሉ እርስዎ ጋደም ይበሉ፤ ዝናቡ ያስታጥብዎታል፤ ምግቡ ከዚያ ይቀርባል።»

ቅጠሉ እንዲህ ያለ አክብሮት ዛፉ ላይ እያለ እንኳ አይቶ አያውቅም። ክረምቱን ሙሉ ተንጋሎ ታጠበ። ቡናማ ውሃ ከላዩ ሲወርድ «የመንገድ አቧራ ነው» ይላል፤ ያ ኃይለኛ ሽታው ሲጠፋ «አሁን ጸዳሁ» ይላል። እሜቴም በየቀኑ ይዳብሱትና «ትንሽ ቀረዎት፣ ጀርባዎን ደግሞ» ይሉታል።

መስከረም ሲጠባ ቅጠሉ ርሶና ለስልሶ ራበው።

«እሜቴ፣ ይኸው ታጥቤ ጨረስኩ። ምግቡ የታለ?»

እሜቴ ሻጋታ ወደ ልጆቻቸው ዞር አሉ። «ልጆች፣ ኑ ቅረቡ! ምግቡ ታጥቦ ጨርሷል።»

ተረቴን መልሱ፤ እኔ እንደሆነ ዛሬ አልታጠብም።