በወንዙ መሻገሪያ የሚጮኸው ገበሬ

«አንድ ገበሬ ነበረ» አሉ አባ ዘርዐ ቡሩክ፣ የደብሩ ሽማግሌ መምህር። «ቤቱም ከወንዝ መሻገሪያ በላይ፣ አፋፉ ላይ ነበረ።»

ይህን ያሉት ሰባኪው ቀሲስ ምሕረቱ ከቅዳሴ በኋላ መጥተው፣ «አባታችን፣ ስብከት ልተው ይሆን? አንዱ ያንቀላፋል፤ አንዱ ይነቅፈኛል፤ አንዷ እልል ብላ ከደጀ ሰላሙ ሳትወጣ ጎረቤቷን ታማለች። ደከመኝ» ስላሏቸው ነው።

ያ ወንዝ ክረምት ሲገባ ድንገት ይሞላል። ላዩ ጸጥ ያለ ነው፤ ከሥሩ ግን ሰው ይጎትታል። የገበሬውን ወንድም የወሰደው ይኸው ውሃ ነው። ስለዚህ ማንም ሳይሾመው፣ ውሃው በሞላ ጊዜ መንገደኛ ባየ ቁጥር «ሞልቷል! በድልድዩ ዙሩ!» እያለ ከአፋፉ ይጮኻል።

የሰው ነገር ግን አሰለቸው። አንድ ነጋዴ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዳንተ ያለውን ያብዛልን» ብሎ ይመርቀውና እዚያው ፊቱ ውሃው ውስጥ ይገባል። አንድ ጊዜ ውሃው አህያውን ወሰደበት፤ በሳምንቱ ደግሞ መርቆ ገባ። አንዲት ሸክላ ሻጭ በበኩሏ፣ «አንተ አፈ ሰፊ! መንገድ ብታረዝምብን ምን ይጠቅምሃል?» እያለች ትሰድበዋለች። ከሁሉ የሚያመው የእሷ ስድብ ነበር።

በነሐሴ አንድ ጠዋት ጉሮሮው ተዘጋ፤ ልቡም ዛለ። «እንደ ፍጥርጥራቸው!» አለና በሩን ዘግቶ ተኛ። ብዙም ሳይቆይ የሴት ጩኸት ሰማ። እየሮጠ ወረደ። ያቺው ሸክላ ሻጭ ናት፤ ውሃው አንከባሎ ከአንድ ሾላ ሥር አስጠግቷታል። የጋቢውን ጫፍ ወርውሮላት ጎትቶ አወጣት። ሸክላዋ ሁሉ ሄዷል።

ትንፋሿ ሲመለስ፣ «ምነው ዛሬ ዝም አልክ?» አለችው።

«መቼ ሰምተሽኝ ታውቂያለሽ? እኔ የማውቅብሽ ስድብሽን ነው።»

«ብሰድብህስ! በድልድዩ እየዞርኩ አይደለም ወይ የምሄደው? የሚያሳድበኝ የመንገዱ ርዝመት ነው። ዛሬም ቆሜ ጠበቅሁህ። ዝም ስትል ውሃው የጎደለ መሰለኝ።»

ወደ ድልድዩ የሚወስደው መንገድ ከቤቱ ጀርባ ስለሚታጠፍ፣ ገበሬው በዚያ የሚሄደውን ሰው አይቶ አያውቅም ነበር። በማግስቱ በሻከረ ድምፁ ጮኸ። ነጋዴውም መርቆት ገባ።

አባ ዘርዐ ቡሩክ ወደ ቀሲስ ምሕረቱ ዞሩ።

«ገበሬው አንተ ነህ፣ ልጄ። የመረቀህ ሁሉ አልሰማህም፤ ከነቀፉህም መካከል በድልድዩ የሚዞር አለ፤ ከቆምክበት ግን አይታይህም። ደከመኝ አልክ። እውነትህን ነው፣ ያደክማል፤ እኔንም አድክሞኛል። ነገር ግን ዝም ስትል ሰው ‹ደከመው› አይልም፤ ‹ወንዙ ጎደለ› ብሎ ይገባል። አሁን ሂድና ረፍ። እሑድ ግን ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቁም።»