በፋብሪካው ቀዳዳ የተሰፋው ወንበር

አደራ ያስቀመጣችሁትን ዕቃ የተቀበለው ሰው፣ ዕቃውን ፊት ለፊታችሁ አቁሞ «ይህ የእናንተ አይደለም» ቢላችሁ በምን ታስረዳላችሁ?

አንድ ነጋዴ ነበር፤ ስሙ ደነቀ ይባላል። ጎረቤቱ አመለወርቅ ከአገር ስትወጣ የአባቷን አሮጌ ስቴሽን ዋገን መኪና ቁልፍ በእጁ አስጨብጣ «እስክመለስ አደራ» አለችው። ተቀበለ። ሠላሳ አንድ ዓመት አለፈ። ስትመለስ እናቷ ሞታለች፤ የተወለደችበት ቤት ፈርሶ መንገድ ወጥቶበታል። ከወላጆቿ የቀረላት ነገር ያ መኪና ብቻ ነበር። ከመኪናውም ቢሆን የምትፈልገው የኋላውን ወንበር ነው፤ እሱን የሰፋችው እናቷ ናትና።

መኪናው በደነቀ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሟል። ቀለሙ ተለውጧል።

«ያንቺማ ከሞተ ስንት ዘመኑ! ተቆራርጦ ለብረት ተሸጠ» አላት ደነቀ። «ይኼ ሌላ ነው። ከአንድ ሐኪም ላይ የገዛሁት።»

ሊብሬው አዲስ ነው። ሞተሩ ተቀይሯል። የሻንሲው ቁጥር በዝገት ተበልቶ አይነበብም። ነገሩ ወደ ሦስት የሰፈር ሽማግሌዎች ሄደ፤ እነሱም ዛሬ ነገ ሲሉ አምስት ሳምንት አለፈ። በመጨረሻ ደነቀ ራሱ እንዲህ አለ፦

«የእሷ መኪና የኋላ ወንበሩ በእጅ የተሰፋ ነበር። ይህን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ እናቷ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሲሰፉ እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። የእኔ መኪና ግን ውስጡ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ባለሙያ ይየው።»

«ይየው» አለች አመለወርቅ። «ኦርጅናል ነው ካለ የእኔ አይደለም።»

ዕድሜውን በሙሉ የመኪና ወንበር ሲሰፋ የኖረ አንድ ባለሙያ ተጠራ። በሩን ከፍቶ፣ ወንበሮቹን የሸፈነውን ላስቲክ አየና ፈገግ አለ።

«ምነው ጋሽ ደነቀ፣ ወንበሮቹን ዝናብ ላይ ልታሳድራቸው ነው?»

«እንደ ሙሽራ ነው የያዝኩት!»

«ሙሽራዋን ታፍናታለህ» አለና ላስቲኩን ገፈፈው።

የጣሪያውን ጨርቅ በመዳፉ ዳበሰ። የበሮቹን ልባስ በጥፍሩ ቆረቆረ። ወደ ኋላው ወንበር ሲደርስ ግን መነጽሩን አደረገ። ጨርቁ ከፊተኞቹ ወንበሮች ጨርቅ ጋር አንድ ነው። ስፌቱን በሁለት ጣቱ ስፋት እየለካ ቆጠረ፤ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ።

«የሰው እጅ ይደክማል» አለ ለሽማግሌዎቹ። «ሲደክም ስፌቱ ይራራቃል። ይኼ የትም ቦታ አልደከመም። ኦርጅናል ነው።»

«ሰማችሁ!» አለ ደነቀ። ወደ አመለወርቅም ዞሮ፣ «አይዞሽ፣ ሰው አገር ስትኖሪ ተምታቶብሽ ነው። ዕድሜም አለ እንግዲህ። መኪና ሁሉ አራት ጎማ ነው ያለው» አላት። አንዱ ሽማግሌ ሳቀ።

እሷ ግን ወደ ባለሙያው ጠጋ አለች።

«አባቴ የሞተው እዚህ ወንበር ላይ ነው። ሆስፒታል ሳንደርስ ደም አስመለሰው። እናቴ ጨርቁን ፈትታ አጠበችው፤ አለቅም አለ። ጨርቁ በሁለቱም ፊቱ አንድ ስለሆነ ገልብጣ መልሳ ሰፋችው።»

«ታዲያ እንዲህ እኩል እንዴት መጣላቸው?»

«አዲስ ቀዳዳ አልበሳችም። መርፌዋን ያስገባችው በፋብሪካው ቀዳዳ ነው።»

«በየቀዳዳው?»

«በየቀዳዳው። ስምንት ወር ፈጀባት። ምነው ይህን ያህል ስላት፣ ‹የሚቀመጥበት ሰው እንዳያውቅ› አለችኝ።»

ባለሙያው ከኪሱ ምላጭ አወጣ። «አንዲት ክር ልቁረጥ።»

ደነቀ ብድግ አለ። «አይነካም! ገዢ አለኝ፤ የተነካ ከሆነ አልወስድም ብሎኛል!»

«የማሽን ስፌት ሁለት ክር ነው፤ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች» አለ ባለሙያው፣ ቀና ሳይል። «ሁለት ክር ካገኘሁ እኔው ራሴ መልሼ እሰፋልሃለሁ፤ ማንም አያውቅም።»

ቆረጠ። በምላጩ ጫፍ ሳብ አደረገው። የመጣው አንድ ክር ነው፤ ከታች ሌላ የለም። መዳፉን የሚያህል ፈታና ጨርቁን ገለበጠው። በውስጡ በኩል ቡናማ የሆነ፣ ጠርዙ የጠቆረ እድፍ አለ።

ባለሙያው ባርኔጣውን አወለቀ። «ተሳስቻለሁ። ኦርጅናል አይደለም» አለ። «እናትሽ ከእኔ ይበልጣሉ።»

በዚህን ጊዜ ደነቀ እግሯ ላይ ወደቀ። ሦስቱም ሽማግሌዎች ባንድ ጊዜ ተነሡ።

«በይ እንግዲህ ልጄ፣ ይቅር በይው።»

«እግርሽ ላይ ወድቋል፤ ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?»

«መኪናው እንደሆነ ተገኘልሽ!»

«ይመርመርልኝ ስል ቀስ በይ፣ ነገር በችኮላ አይሆንም ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ» አለች አመለወርቅ። «አምስት ሳምንት አስቀመጣችሁኝ። አሁን ምን አስቸኮላችሁ?»

«ቂም ይዘሽ ልትሄጂ ነው?»

«መኪናዬን ይዤ ነው» አለችና፣ ከተንበረከከው ሰውዬ እጅ ቁልፏን ተቀበለች።

ይህን ታሪክ የሚሰሙ ብዙዎች ሴትየዋን ልበ ደንዳና ይሏታል። እስቲ ደግማችሁ አስቡት። ባለሙያው ተሳሳተ፤ ስሕተቱን ግን በሰው ፊት፣ በራሱ አፍ ተናገረ፤ ይቅርታም አልለመነም። ደነቀ ወደቀ፣ ተንበረከከ፣ «ዋሸሁ» የሚለው ቃል ግን ከአፉ አልወጣም። ሽማግሌዎቹም አልጠየቁትም። እውነቱን ለማወቅ አምስት ሳምንት ያዘገዩ ሰዎች፣ ለይቅርታው አንዲት ደቂቃ እንኳ አልሰጧትም። ትምህርቱ ይኸው ነው፤ የተበደለን ሰው ይቅር በል እያለ የሚያጣድፍ፣ ለሰላም አስቦ ሳይሆን ነገሩ ሳይነገር እንዲያልፍ ፈልጎ ይሆናል። እናንተስ ስንቱን ይቅር ያላችሁት ያደረገውን በአፉ ከተናገረ በኋላ ነው?

ይቅር ማለት ያሳርፋል የሚሉ መጻሕፍት በየቋንቋው ሞልተዋል፤ ብዙዎቹን አንብቤያቸዋለሁ። የጻፏቸው ምን እንደተወሰደባቸው አላውቅም። እናንተ እንደ ልባችሁ አድርጉ። እኔ ማንንም ይቅር አልልም።