በጨርቅ የተጠቀለለ ቱቦ

አንድ ሰው ነበረ። ሹፌር ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር። የሐረጎን ዳገት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁ ደግሞ መጠማዘዙ የማያልቅ መንገድ አስቡ። ይህን ዳገት አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በየቀኑ የወጣ ሰው ምን ይሆናል? ይደክመዋል። ሌላ ምን ይሆናል?

ስሙን እምሩ እንበለው። ሚስቱ ውባለም ደሴ ላይ ልብስ ሰፊ ናት። ጠዋት ጠዋት ጋቢና ከአጠገቡ ተቀምጣ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። መንገዱን ሁሉ ጎን ለጎን ናቸው፤ አይነጋገሩም። የተጣሉ እንዳይመስላችሁ። ወገኖቼ፣ ጠብ እንኳ ጉልበት ይፈልጋል። እነሱ ያንን ጉልበት ከጨረሱ ቆይተዋል። ስትወርድ "ደህና ዋል" ትለዋለች፣ "ደህና ዋይ" ይላታል፣ በቃ።

እንግዲህ የዚህ ሚኒባስ ሞተር ያለው ከጋቢናው ወንበር ሥር ነው። ከሞተሩ ጭሱን ተቀብሎ ከኋላ ወዳለው የጭስ መውጫ፣ ወደ ማርሚታው፣ የሚያደርሰው ቱቦ ተሰነጠቀ። ኦሪጅናሉ ቢፈለግ ጠፋ። ጋሽ ይማም የሚባሉ የኮምቦልቻ በያጅ ቱቦ አጥፈው፣ በይደው፣ በእጃቸው አዲስ ሠሩለት። ሞተሩም ደህና ተነፈሰ፤ ዳገቱ ቀለለው። ነገር ግን አዲሱ ቱቦ ስስ ነውና ሙቀቱ ወደ ላይ ይወጣል። ጥቂት ወር እንደቆየ ጋቢና የሚቀመጥ ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት አጣ። አንድ ቀን ውባለም "የጫማዬ ሶል ለሰለሰ" አለችው። በዚያ ሳምንት ካወራችው ሁሉ ረጅሙ ወሬ እሱ ነበር።

እምሩ ወደ ጋሽ ይማም ተመለሰ። "ይህን ሙቀት ያስቀሩልኝ" አላቸው።

ጋሽ ይማም ከመኪናው ሥር ገብተው አዩና ወጡ። "አብሽር፣ መላ አለው" አሉ። "አንደኛ፣ አዲስ አበባ ልከህ ሴራሚክ ታስለብጠዋለህ። እሱን የሚያህል የለም፤ ግን ወር ትጠብቃለህ። ሁለተኛ፣ እሳት የሚችል ቀለም እኔው እቀባልሃለሁ። አራት ቀን መኪናዋን ትተውልኛለህ።"

"ለቀለም አራት ቀን?"

"መቀባቱስ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ቱቦው ይፈታል። ዝገት ጀምሮታል፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ብረቱ ራቁቱን መቅረት አለበት። ከዚያ በኋላ እጅ እንኳ አይነካውም፤ ወዝ ካለበት ቀለሙ አይይዝም። ስስ ስስ አድርጌ ደጋግሜ እቀባዋለሁ። ሲደርቅ ይታሰርና ሞተሩን ጥቂት አስነስተን እናጠፋዋለን፣ ጨርሶ እስኪበርድ እንጠብቃለን። እንደገና ጨመር አድርገን እናስነሳለን፣ እንጠብቃለን። ቀለሙ የሚጠነክረው እሳቱን ቀስ በቀስ ሲለምድ ነው። በአንዴ ሐረጎ ካወጣኸው ተላጦ ይረግፋል፣ የኔ ሸጋ።"

"ሌላስ የለም?"

ጋሽ ይማም ፊታቸውን አዞሩ። "ጨርቅ አለ። እሳት የማይበላው ጨርቅ ነው፣ እንደ ፋሻ ይጠመጠምበታል። አሁኑኑ ያልቅልሃል። ለዚህ ቱቦ ግን አልወድልህም። ጨርቁ ውሃ ይይዛል፤ ዝገቱን ከሥር ይዞ ይቀመጣል። ሳትፍቅ ከሸፈንከው አታየውም እንጂ አልተወህም።"

እምሩ ዘወር ብሎ መኪናውን አየ። አራት ቀን! አራት ቀን ቤት ተቀምጦ ምን ሊሆን ነው? ከውባለም ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ምን ሊያወራ ነው?

"ጋሽ ይማም፣ ደክሞኛል" አለ። "ይሸፍኑልኝ።"

ልብ በሉ ወገኖቼ። "ያድኑልኝ" አላለም። "ይሸፍኑልኝ" ነው ያለው።

ተሸፈነለት። ሙቀቱም ጠፋ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ጋቢና የተቀመጠ ሁሉ አመሰገነው። እምሩ ደግሞ ንጹሕ ሰው ነው። ሥራ ሲጨርስ በየቀኑ ላቫጆ ገብቶ መኪናውን ከላይም ከታችም ሳያሳጥብ ቤቱ አይገባም። ያ ከሥር የሚረጨው ውሃ የት ይሄዳል? ጨርቁ ይጠጣዋል። በማግስቱ ዳገቱ ያፈላዋል፣ ማታ ደግሞ ይጠጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ ክረምት ገባ።

እምሩ ራሱን ያመው ጀመር። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሲደርስ ዓይኑ ይከደናል፣ ጉልበቱ ይዝላል። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ መስኮት ቢከፍት ከኋላ "ኧረ ዝጋው፣ ብርድ ይመታናል" ይሉታል። እኛ እኮ ገደል አፋፍ ላይ ሲነዳብን ዝም ብለን፣ በመስኮት ለገባ ንፋስ የምንቆጣ ሰዎች ነን። ይዘጋል።

ወደ እኔም መጣ። "ፓስተር፣ ድካም ሊገድለኝ ነው" አለኝ። እጄን ጭኜ ጸለይኩለት። ሦስት እሑድ ጸለይኩለት። "መቼ መቼ ነው የሚያምህ? የት ስትሆን ይብስብሃል?" ብዬ ግን አንድ ቀን አልጠየቅሁትም። ከኋላው ሰልፍ ነበረ፤ እኔም ደክሞኝ ነበር። ይህን ስነግራችሁ አፍራለሁ።

በነሐሴ አንድ ጠዋት ዝናቡ ያለ ልክ ይወርዳል። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። ሐረጎን ሲጀምሩ ውባለም ራሷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች።

እምሩ ደነገጠ። ስንት ዓመት ሆናት ትከሻውን ከተደገፈች? እሱም አያስታውሰውም። ደስ አለው። ማርሽ ሲቀይር እንኳ እንዳትነቃ ክንዱን ቀስ አድርጎ ነው። ረዳቱ ከኋላ "ወራጅ አለ" ብሎ ቢጮህ "ቀስ በል፣ ተኝታለች" አለው። ራሱ እየዞረበት፣ መንገዱ እየተወላገደበት፣ "ለካ ትወደኛለች" እያለ ይነዳል።

አያችሁ? ሚስቱ ትከሻው ላይ ልትሞት ነው፤ እሱ ፍቅር መስሎታል።

ጭኗ ላይ የነበረው የመቀስ ቦርሳ ወደቀ። አላነሳችውም። እጇ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

"ውቤ" አላት። እንዲህ ብሎ ከጠራት ስንት ዘመኑ። "ውቤ፣ ውቤ።"

አልመለሰችም።

መኪናውን ዳር አስይዞ፣ እየተንገዳገደ ዞሮ፣ አቅፎ አወጣትና እርጥቡ ሣር ላይ አስተኛት። ዝናቡ ፊቷ ላይ ይወርዳል። መስኮት ዝጋ ሲሉ የነበሩት ሁሉ ወርደው "ዞር በሉ፣ ንፋስ ትቀበል" ይባባላሉ። እሱ እጇን ይዞ ይጠራታል፤ ሌላ ቃል ጠፍቶበታል። ቆይታ፣ በጣም ቆይታ፣ አስመለሳትና ዓይኗን ገለጠች። ሲያለቅስ አየችው።

"ምን ሆነሃል?" አለችው። "ደክሞኝ እኮ ነው።"

ደሴ ሆስፒታል ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችው "ቤት ዘግታችሁ ከሰል አንድዳችሁ ነበር?" ብላ ነው። እምሩ "ኧረ የለም፣ ከሰል አልነካንም" አለ። ከዚያ ተቀመጠ። ምን ዘግተው ምን ሲያነዱ እንደከረሙ ገባው።

ጋሽ ይማም ከመኪናው ሥር ተኝተው ጨርቁን ሲቆርጡት ብረቱም አብሮ መጣ። ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ነበረው፤ ጭሱ ማርሚታው ጋ ሳይደርስ በውባለም ወንበር ሥር ወደ ጋቢና ሲገባ ከርሟል። "ብዬህ ነበር" አላሉትም። "እምቢ ማለት ነበረብኝ" ነው ያሉት። አዲስ ቱቦ በይደው፣ ከሥሩ ፍቀው፣ ቀቡለት። አራቱን ቀን እምሩ ሥራ አቆመ። ሞተሩን አስነስተው፣ አጥፍተው፣ እስኪበርድ ሲጠብቁ፣ ውባለም እዚያው ጋራዡ በር ላይ ከጎኑ ተቀምጣ ነበር። መጀመሪያ ዝም ብለው ነበር አሉ። በሦስተኛው ቀን እሷ አለቀሰች፣ እሱም አለቀሰ። ምን እንደተባባሉ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁ።

ወገኖቼ፣ ድካም ሁሉ ድካም አይደለም። ይኸው ነው የዛሬ መልእክቴ፣ ረጅም አይደለም።

እናንተ "ደክሞኛል" ትላላችሁ፤ እኔም እላለሁ። ሥራው ነው፣ ኑሮው ነው፣ ዕድሜው ነው እንላለን። እውነት ነው፣ ኑሮው ያደክማል። ግን ከወንበራችሁ ሥር ምን አለ? ሳትፍቁት የሸፈናችሁት ምንድን ነው? ወንድምህን የበደልከው በደል ነው? ያልቀበርሽው ኀዘን ነው? በዝማሬ ሸፍነነዋል፣ በጾም በጸሎት ሸፍነነዋል፤ ከላይ ሲያዩት ንጹሕ ነው፣ ሙቀቱም አይሰማም። ጌታ ግን መፋቅ ይፈልጋል። መፋቅ ያማል፣ ከዚያ በኋላ ያለው እሳትም ቀላል አይደለም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚያሞቀን፣ መሃል ላይ ያሳርፈናል። አራት ቀን የለኝም አትበሉት። እኔ ራሴ ስንት ዓመት እንደዚያ ስለው ኖሬአለሁ።

አሁን ወደየቤታችሁ ትሄዳላችሁ። ከአጠገባችሁ ዝም ያለ ሰው አለ። ሰላም ነው፣ ለምዶኝ ነው፣ ተኝቶ ነው ብላችሁ አትለፉት። ድሮ በምትጠሩት ስም ጥሩት። ካልመለሰላችሁ፣ ዳገቱ መሃል ላይም ብትሆኑ፣ መኪናውን አቁሙ።