የስንዱ ደመወዝና የሕፃኗ ክርስትና

«አውጋን» በሉኝና ስለ ስንዱ ላውጋችሁ።

ስንዱ ወላጆቿን በልጅነቷ ያጣች፣ በአንድ ሆቴል ልብስ የምታጥብና የምትተኩስ ሴት ነበረች። ቀን የሰው አንሶላ ታጥፋለች፤ ሲመሽ ኪራይ ቤቷ ገብታ በሯን ትዘጋለች። «እንዴት ዋልሽ?» የሚላት የለም። አንድ ቀን የልጅነት ጓደኛዋ ይታይሽ ከአገር ቤት ደወለች።

«ሴት ልጅ ወልጃለሁ፤ ክርስትና የምታነሻት አንቺ ነሽ። እሑድ ካልደረስሽ ግን ሌላ ሰው ይተካል።»

ስንዱ ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ከጆሮዋ አላወረደችውም። የእኔ የምትለው ሰው ልታገኝ ነው።

መናኸሪያ ሄደች። «ስመለስ እከፍላለሁ፣ ውሰደኝ» አለችው የአውቶቡሱን ረዳት። «ያለ ቲኬት አልወስድም» አላት። ቲኬት ቆራጩ ደግሞ «ያለ ብር አልቆርጥም» አላት።

የደመወዝ ቀን ነበርና ወደ ሆቴሉ ተመለሰች። ገንዘብ ያዡ ጋሽ ተካልኝ አቀረቀሩ። «ስንዱ፣ ለተቃጠለው የጠረጴዛ ልብስ ተብሎ ደመወዝሽ ሁሉ ተቆርጧል። ያለ ሥራ አስኪያጁ ቃል አልሰጥም።»

«እኔ አላቃጠልኩም፣ ጋሼ።»

ሥራ አስኪያጁ አቶ ልሳኑ ዘንድ ገባች። «ሕግ ካላስገደደኝ አልመልስም» አሏት።

እንግዲህ ረዳቱ ያለ ቲኬት አልወስድም፣ ቆራጩ ያለ ብር አልቆርጥም፣ ገንዘብ ያዡ ያለ ሥራ አስኪያጁ አልሰጥም፣ ሥራ አስኪያጁ ያለ ሕግ አልመልስም አሉ። ስንዱ ከተሰጣው አንሶላ ጀርባ ተቀምጣ አለቀሰች። ሰው በዚያ ያልፋል፤ ምን ሆንሽ ያላት ግን አልነበረም። በኋላ ጋሽ ተካልኝ መጡ።

«ይቆረጥብኝ ብለሽ ፈርመሻል?»

«ኧረ፣ የጠየቀኝም የለ።»

«እንግዲያው ወረዳው ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ሂጂ።»

የቢሮው ሠራተኛ ወይዘሮ ንግሥቴ ተቀበሏት። «ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት ወይም ፍርድ ቤት ካላዘዘ፣ አንቺም በጽሑፍ ካልተስማማሽ፣ ደመወዝሽ አይነካም። ብትስማሚ እንኳ ከሲሶው በላይ አይቆረጥም። ነገር ግን ባለጉዳዩ ካልተናገረ ሕጉን ይዤ አልሄድም።»

ረዳቱ ያለ ቲኬት አልወስድም፣ ቆራጩ ያለ ብር አልቆርጥም፣ ገንዘብ ያዡ ያለ ሥራ አስኪያጁ አልሰጥም፣ ሥራ አስኪያጁ ያለ ሕግ አልመልስም፣ ሕጉም ያለ ስንዱ ቃል አልሄድም አለ። ከሥራ ቢያባርሯት ማን ያስጠጋታል? ደግሞ እሑድን አሰበች፤ በእሷ ቦታ የምትቆመውን ሌላ ሴት አሰበች።

«ስንዱ እባላለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ሳልስማማ ደመወዜን ቆርጠውብኛል።»

ስንዱ ብትናገር ሕጉ ሄደ። ሕጉ ቢሄድ ሥራ አስኪያጁ ፈቀዱ። ሥራ አስኪያጁ ቢፈቅዱ ገንዘብ ያዡ ሰጡ፣ ገንዘብ ያዡ ቢሰጡ ቆራጩ ቆረጠ፣ ቆራጩ ቢቆርጥ ረዳቱ ወሰዳት። መናኸሪያ የሸኛት ሰው አልነበረም።

እሑድ ጠዋት ደረሰች። ይታይሽ ሕፃኗን አስታቅፋት፣ «ይኸው ክርስትና እናትሽ መጣች» አለቻት ልጇን። ወላጆቿን ካጣች ወዲህ ስንዱን በዘመድ ስም የጠራ ሰው ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

እኔ አወጋሁ፣ እናንተ ሰማችሁ፤ ደህና ዋሉ።