ጅብ መዳፉን ያተመበት መዝገብ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ከሩቅ አገር ሳይቀር እየመጡ የሚጎበኙት ፏፏቴ ነበር። አስተዳዳሪው አያ ጅቦ፣ አስጎብኚው ቀበሮ፣ የእንግዶችን ውሃ የሚያመላልሰው አህያ ነበር። የመግቢያው ዋጋ አንድ አጥንት ነው። ሣር የምትግጠው የሜዳ አህያ እንኳ ፏፏቴውን ለማየት ስትል አጥንት ፍለጋ ስትንከራተት ትውላለች። አህያ ደግሞ ከሚሸከመው ውሃ አንድ ጉንጭ እንዳይቀምስ ተከልክሏል።

የእንግዶችን አስተያየት በመዝገብ የምትጽፈው ፊደል የቆጠረችው ሚዳቋ ናት። ዓይን አፋር ናት፤ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች። ጅብ ማንበብ ስለማይችል በየሳምንቱ ያስጠራትና «ምን አሉኝ?» ይላታል።

እሷም መዝገቡን ገልጣ በቀጭን ድምፅ፣ «ቸር አስተዳዳሪ ብለውዎታል» ትለዋለች። ጅብም ሆዱን እያሻሸ ይስቃል።

አንድ ቀን አንበሳ መልእክት ላከ፤ «የስፍራውን አስተዳደር ልመዝን እመጣለሁ። መልካም ሆኖ ካገኘሁት ጅብን ዕድሜ ልኩን እሾመዋለሁ።»

አህያ ይህን ሲሰማ ጆሮው ወደቀ። ዕድሜ ልክ መጠማት ማለት ነዋ።

ጅብ ቀበሮን አማከረው።

«መዝገቡን በራስዎ እጅ ለጌታችን ለአንበሳ ይስጧቸው» አለ ቀበሮ። «በየገጹም መዳፍዎን ያትሙበት፤ ያጸደቁት እርስዎ መሆንዎን ይወቁልዎት።» ቀበሮ መዝገቡን ሰርቆ ጥቂት ገጽ አንብቦ ነበር፤ የጅብንም ወንበር መመኘት ከጀመረ ሰንብቷል።

ጅብ መዳፉን ጭቃ ውስጥ እየነከረ ማተም ጀመረ። ሚዳቋ ገጹን ስትገልጥለት ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል።

«ምን ሆነሻል አንቺ?»

«ብርድ ነው ጌታዬ፤ ከፏፏቴው።»

አንበሳ መጣ። መዝገቡን ከጅብ ተቀብሎ ለብቻው ጥቂት አነበበና ቀና አለ። «እዚህ የተጻፈው እውነት ነው?»

«ቃል በቃል ጌታዬ። መዳፌን አላዩትም?»

«እንግዲያው ላንብብልህ። ጉሬዛ፦ ፏፏቴው ግሩም ነው፤ አስተዳዳሪው ግን ስንቄን በላብኝ። ጃርት፦ ድልድዩ ተሰብሯል፤ ብንነግረው ዝለሉ አለን። አህያ፦ ውሃውን የምሸከመው እኔ፣ የሚጠማኝም እኔ።»

ጅብ ዘሎ ተነሣ። «እሷ እንዲህ ብላ አላነበበችልኝም!»

ሁሉም ወደ ሚዳቋ ዞሩ። መሬት መሬት እያየች፣ «ሰባት ክረምት ደብቄዋለሁ» አለች። «የጻፍኩት የነገሩኝን ነው፤ ያነበብኩላቸው ግን ሌላ ነው። ፊት ለፊት መናገር አፍራለሁ። ደግሞም…» ጅብን በጎን አየት አደረገችው፤ «ሥጋዬ ለስላሳ ነው።»

አንበሳ ጎፈሩ እስኪርገፈገፍ ሳቀና ጅብን ሻረው። ይኼኔ ቀበሮ ጅራቱን አስተካክሎ ወደ ወንበሩ ተጠጋ።

«ቆይ» አለ አንበሳ፣ «የመጨረሻው ገጽ ቀርቷል። ጅግራ፦ አስጎብኚው ፏፏቴውን እያሳየኝ እንቁላሌን ጠጣብኝ።»

ቀበሮ እስከዚያ ገጽ አላነበበም ነበር።

ጅብ ሊሄድ ሲል ዞር አለ። «እመት ሚዳቋ፣ ስለ እኔ አንድ ጥሩ ነገር ያስጻፈ የለም?»

«አንድ አለ ጌታዬ» አለች አቀርቅራ። «ሲተኛ ግሩም ነው ይላል።»

ወንበሩ ለአህያ ተሰጠ፤ እሱ ግን መጀመሪያ ሊጠጣ ወደ ፏፏቴው ወረደ።

ከዚህ የምንማረው፣ አንድ የጉብኝት ስፍራ በወጉ መተዳደሩን ለማወቅ መጠየቅ ያለበት ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሳይሆን እንግዳውና ውሃ ተሸካሚው መሆኑን፣ ምስጋና ብቻ መስማት የሚወድ ሹምም የገዛ ክሱን በገዛ እጁ እንደሚያትም ነው።