እመት አልጣሽና የወፍ ውሃ

ተረት ተረት! «የላም በረት» በሉ እንጂ፤ አፉን ይዞ የሚያፈጥብኝ ልጅ አልወድም። እንዲያ ነው።

ድሮ ድሮ፣ ወንዙ ክረምት ከበጋ ደፍርሶ በሚወርድበት በቆላ አገር፣ እመት አልጣሽ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። የተወለዱት ደጋ ነው። በአሥራ አምስት ዓመታቸው ተድረው ቆላ ወረዱ፤ ከዚያ ወዲህ የእናታቸውን ደጅ አላዩም። ሃምሳ ዓመት! ከእናታቸው ቤት በታች የወፍ ውሃ የሚባል ምንጭ ነበር። ሲነሡ የወፍ ውሃ፣ ሲቀመጡ የወፍ ውሃ፤ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም።

አንድ ክረምት ወንዙ ሞላና የሞተ ከብት ሳይቀር ይዞ ወረደ። እመት አልጣሽ ከዚያ ጠጥተው ታመሙ። ሲጠጡ ሆዳቸውን ይቆርጣቸዋል፤ ሲተዉት በውሃ ጥም ይደርቃሉ። «የወፍ ውሃ አንድ ቅል ባገኝ እድን ነበር» ይላሉ። መንገዱ ግን የሦስት ቀን ነው፤ ወንዙም አያሻግርም።

ሦስት ምራቶች ነበሯቸው። ሦስቱም ሊያድኗቸው ተነሡ።

ትልቋ ዘርፌ ነጠላዋን አራት አጥፋ ውሃውን አጠለለች። ገለባው ቀረ፣ ትሉ ቀረ። «እንኩ እማዬ፣ ተጠሏል» አለች። ጠጡ። ሳይውል ሳያድር ሆዳቸውን ቆረጣቸው።

መካከለኛዋ ማንጠግቦሽ «ነጠላ ደግሞ ጭቃ ይይዛል?» አለች። የሽፈራው ዛፍ ፍሬ ወቅጣ ከውሃው ጋር አማሰለችና አስቀመጠችው። ጭቃው ዘቀጠ፤ ውሃው ኩልል አለ። ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ አየና «ውሃ ማለት ይሄ ነው!» አለ። ጠጡ። ሳይውል ሳያድር ሆዳቸውን ቆረጣቸው። እንዲያውም ባሰባቸው።

ትንሿ ደብሪቱ ውሃውን ጥዳ እስኪንተከተክ አፈላችው። ሁለቱ ሳቁባት። «የፈላ ውሃ ለእግር መታጠቢያ ነው። ለአማት ይሰጣል?» አሏት። እመት አልጣሽ ጠጡ። ሆዳቸው ዝም አለ። ዳሩ ግን ሁለተኛውን ቅል ገና ቀመስ አድርገው መለሱላት።

«ልጄ፣ ይሄ የሞተ ውሃ ነው። ከምጠጣው የወፍ ውሃን እያሰብኩ ብሞት ይሻለኛል» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

አያችሁ ጉድ? የሚጥማቸው ይገድላቸዋል፤ የሚያድናቸው አይጥማቸውም።

ደብሪቱ አልተቀየመችም። ከአልጋው አጠገብ ቁጭ አለችና ጠየቀቻቸው።

«እማዬ፣ የወፍ ውሃን ማን ይቀዳልዎት ነበር?»

«እናቴ ናታ።»

«በምን?»

«በእንስራ።»

«እንስራውን ምን ታደርገው ነበር?»

«አጥባ በወይራ ታጥነዋለች። ምን ትለፈልፊብኛለሽ? እንስራና ምንጭ ምን አገናኘው?»

ደብሪቱ ብድግ አለች። ባሏን ዳገት ልካ ወይራ አስመጣች። ከዚያ ውሃውን በዘርፌ ነጠላ አጠለለች። በማንጠግቦሽ ሽፈራው አጠራች። ኩልል ሲል ደግሞ ጥዳ አፈላችው። «ጉድፉን ነጠላው ያዘ፣ ጭቃውን ሽፈራው አዘቀጠ፤ ለዓይን የማይታየውን ክፉ ግን ከእሳት በቀር የሚጨርሰው የለም» አለች። አዲስ እንስራ በወይራ ጭስ ላይ ደፍታ አጠነች፤ የፈላውን ገልብጣ ከደነችው። ሲቀዘቅዝ በቅል አቀረበች።

እመት አልጣሽ አንዴ ጎንጨት አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። «የወፍ ውሃ! ማን ሄዶ አመጣልኝ?»

«ይጠጡ እንጂ እማዬ» አለች ደብሪቱ። ጠጡ። ነገም ጠጡ፤ ከነገ ወዲያም ጠጡ። ሆዳቸው ዝም አለ፤ ጉልበታቸው ተመለሰ።

መስከረም ሲጠባ በበቅሎ ተቀመጡና «አገሬ ውሰጂኝ» አሏት። ደብሪቱ ውሸቴ ሊወጣ ነው ብላ ፈራች፤ እምቢ ግን አላለችም። ሦስት ቀን ተጉዘው ደረሱ። የእናታቸው ቤት ፈርሷል፤ ምሰሶው እንኳ የለም። ምንጩ ግን አለ፤ እንደ ድሮው ኩልል ይላል። እመት አልጣሽ በእጃቸው ጨልፈው አፋቸው ውስጥ ያዙት። ቆዩ። ተፉት።

«ይሄ አይደለም» አሉ።

ደብሪቱ እግራቸው ላይ ወደቀች። «ይማሩኝ እማዬ። ሲጠጡ የከረሙት የወንዙን ውሃ ነው። አፍልቼ፣ በወይራ አጥኜ ነው።»

እመት አልጣሽ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። አለቀሱና አለቀሱ። «ለካ ሃምሳ ዓመት ሙሉ የናፈቀችኝ እናቴ ናት» አሉ። ከዚያ ደብሪቱን አነሡና ግንባሯን ሳሙ። «ነይ፣ ወደ ቤታችን እንሂድ። ጠምቶኛል።»

ቆላ እንደ ገቡ የጓዳውን ቁልፍ ለደብሪቱ ሰጧት። ለሁለቱ ደግሞ «በፈላ ውሃ የሳቃችሁ እናንተ ናችሁ፤ የማፍሊያውን እንጨት እናንተ ልቀሙ» ብለው ፈረዱ። ያን ኩልል ያለ ውሃ ያደነቀውን ጎረቤትም ሰብስበው «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» አሉት። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ጠርቷል ተብሎ ሳይፈላ የሚጠጣ ውሃ የለም ይባላል።

ተረቴን መልሱልኝ። ዳቦውን እናንተው ብሉት። ለእኔ በወይራ ከታጠነው እንስራ አንድ ቅል ቅዱልኝ፤ እኔም እናቴ ናፍቃኛለች።